እኩዮቼ፣ ቃናችሁን ጠብቁ

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ሐሳባችሁ አይደለም። ሐሳባችሁን ያዙ። የማስጠነቅቃችሁ ስለ ቃናችሁ ነው፤ በልቅሶ ድንኳን፣ በእድር ስብሰባ፣ ዜና ፊት ተቀምጣችሁ ስለ ሌላው ወገን ስታወሩ ከአፋችሁ ስለሚወጣው ድምፅ።

ይህን ነገር ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው ትውልድ የለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ ሲወጣ ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የነበራችሁ ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ታስታውሳላችሁ። ረጋ ብሎ «እስቲ ይህንንም ጎን እንየው» ያለ ተማሪ ንግግሩን ሳይጨርስ በፉጨት ይወርድ ነበር። የተጠራጠረ አድርባይ ነው፤ ያመዛዘነ በራዥ ነው። ጭብጨባው ለመረጃ ሳይሆን ለግለት ነበር፤ ይህን ያየ ጎበዝ ሁሉ መጋልን ተማረ።

1968ን አስቡ። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ላይ የግራው ፓርቲዎች ኢሕአፓና መኢሶን ይከራከሩ ነበር። አንዱ ገደብ የለሽ ዴሞክራሲ ይላል፤ ሌላው ዴሞክራሲ ለጭቁኖች ብቻ ይላል። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም መሬት ለአራሹ ያሉ፣ ሁለቱም የብሔረሰቦችን መብት የጻፉ፣ ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ያሉ ነበሩ። ዋናው ልዩነታቸው ሥልጣን ከያዘው ወታደራዊ መንግሥት ከደርግ ጋር እስከ ምን ድረስ ይኬዳል የሚለው ነበር። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን በጠረጴዛ ዙሪያ የሚፈታ ልዩነት ነው። ወዲያው አንዱ ባንዳ፣ ሌላው አናርኪስት ተባለ። ባንዳ ከተባለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ባንዳ ይገደላል እንጂ።

በ1969 መግቢያ በአዲስ አበባ ከተማ ግድያ ተጀመረ። በሚያዝያ የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲሰብሩ ሕዝቡ አጨበጨበ። ነሐሴ ሲደርስ ደርግን ደግፎ የነበረው መኢሶን ራሱ ሸሽቶ ተደበቀ፤ ተራው ደርሶት ነበር። አብዛኛው ጠመንጃ የደርግ እንደነበር አልክድም፤ ወንጀሉንም ከገዳዮቹ ላይ አላነሳም። ነገር ግን ጠመንጃው ሲመጣ ተማሪው አብሮት የተማረውን ልጅ እንደ ሰው ማየት አቁሞ ነበር። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ የግድግዳውን ፎቶዎች እዩ። ልጆች ናቸው።

ኳሱም ከዚህ ቃና አላመለጠም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ተቀምጠን ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ስንሰዳደብ ኖረናል፤ ስድቡ ግን በቀልድ የታሸ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ይበርዳል። በኅዳር 2010 በወልድያ ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ሰበብ የተነሣው ግጭት ግን ከኳስ የመጣ አልነበረም። ቃናው ከቤት የተሰነቀ ነበር። በዚያው ሰሞን በዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በብሔራቸው እየተለዩ ተጠቁ፤ የሞቱም ነበሩ። ዶርሙ፣ ምግብ ቤቱ፣ ላይብረሪው ያው የምናውቀው ነው። እነዚያ ልጆች ከማን ተማሩት? መምህራኖቻቸውን ብቻ አትክሰሱ።

ባለፈው አንድ ድንኳን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከዘራውን በጉልበቱ መሐል ያቆመ እኩያችን ስለ አንድ ሕዝብ «እነሱ እኮ ዱሮም...» ብሎ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሻይ የሚያድለው የሟች የልጅ ልጅ ትሪውን ይዞ እስኪጨርስ ቆሞ አዳመጠው። እኛም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ጩኸት ብቻ ነው የሚያጠፋ ያለው ማነው? እኛ ዝግ ብሎ መውጋትን የተካንን ነን፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ይሰርጋል፤ ከአዋቂ አፍ ስለሚወጣ ጥበብ ይመስላልና።

ተቆጡ፤ ቁጣ የሚገባው ነገር ሞልቷል። በደሉን ያደረሰውን ሰው በስሙ፣ ያደረሰውንም በደል በዝርዝር ተናገሩ። «እነሱ» የምትለዋን ግን፣ በተለይ ወጣት ባለበት፣ ዋጧት። ከመሐላችን አንዱ ሲጀምራትም ለዕድሜው ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ «ተው ወንድሜ» በሉት፤ ቢቀየምም ይቀየም።

ነገ ልጆቹ ሲጋጩ ለሽምግልና የሚጠሩት እኛን ነው። ነጠላችንን አጣፍተን ገብተን ስንቀመጥ ከመሐላቸው አንዱ ተነሥቶ «አባባ፣ እርስዎም ባለፈው ድንኳን ውስጥ ስለ እኛ «እነሱ» ሲሉ ሰምተናል» ቢለን ምን ልንመልስለት ነው?