«ሃርድ» እና «ሃርድሊ»፦ በአንዲት ጭራ የሚጠፋ ድካም

ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የማሽን መጠገኛ ተልኮ ነበር። ሲመለስ ባቀረበው የእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ ብሎኖቹን ሁሉ «ሃርድሊ» አጠበቅን ብሎ ጻፈ። እርሱ ሊል የፈለገው «በኀይል አጠበቅን» ነው፤ ወረቀቱ የተናገረው ግን «አጠበቅን ለማለት አያስደፍርም» የሚል ነው። መምህሩ «ታዲያ ብሎኑ ሳይጠብቅ ነው ማሽኑን ያስነሣችሁት?» ብለው ቢጠይቁ ክፍሉ በሳቅ አወካ። ጓደኛችን ግን ያን ብሎን ሲያጠብቅ መዳፉ ተልጦ ነበር።

እኛም አብረን ስቀናል፤ ይህንንም ስንጽፍ እያፈርን ነው። ከሳቅነው መካከል የሁለቱን ቃላት ልዩነት አጥርቶ የሚያስረዳ ሁለት ሰው አልተገኘምና።

ለመሆኑ ስሕተቱ ከየት መጣ? ከስንፍና አይደለም። በቅጽል ላይ «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግሥ ይሆናል ተብለን ተምረናል፤ «ስሎው» «ስሎውሊ» ሲሆን ደንቡ ይሠራል። በአማርኛ ደግሞ «በጥንቃቄ»፣ «በኀይል» እያልን በ«በ» እንገልጻለን፤ አለዚያም «አጥብቆ አሰረ»፣ «ፈጥኖ መጣ» እያልን ግሥን በግሥ ላይ እንደርባለን። ስለዚህ «ሊ» የእኛ «በ» ትመስለናለች። ነገር ግን «ሃርድ» ጭራ ሳይቀጠልለት ራሱ ተውሳከ ግሥ ነው፤ «ሃርድሊ» ደግሞ «እምብዛም» የሚል ሌላ ቃል ነው።

ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአዳማ ኮረብቶች ላይ በሁለቱ የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች 34 እና 102 ተርባይኖች ተተክለዋል፤ የማመንጨት ዐቅማቸውም 51 እና 153 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ የአዳማ ነፋስ «ሃርድሊ» ይነፍሳል ብሎ ቢጽፍ፣ ነፋሱ አይነፍስም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። ታዲያ 136ቱ ተርባይኖች ለጌጥ ቆመዋል ማለት ነው?

ሌሎቹም ጥንዶች እንዲሁ ናቸው። የሻሸመኔው አውቶቡስ ዘግይቶ ከገባ «ሌት» ገባ እንጂ «ሌትሊ» አይባልም፤ «ሌትሊ» «በቅርብ ጊዜ» ማለት ነው። «ኒር» ቅርብ ነው፤ «ኒርሊ» ግን «ሊሆን ጥቂት ሲቀረው» ነውና «ኒርሊ» ወደቀ የተባለ ሰው አልወደቀም። የአብጃታ ፍላሚንጎ «ሃይ» ይበርራል፤ «ሃይሊ» ግን «እጅግ» ማለት ስለ ሆነ ክንፍ አይሆነውም።

ከጭራው ውጭም ወጥመድ አለ። የእኛ «በጣም» «ቬሪ»ንም «ቱ»ንም ይሸፍናል። ሥራ የሚለምን ተመራቂ በማመልከቻው ላይ «ቱ» ደስተኛ ነኝ ቢል ደስታው ከልክ አልፏል እንደ ማለት ይቆጠርበታል። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ «ገና አልመጣም» ስንል «ዬት» ነው፣ «ገና እየጻፈ ነው» ስንል ግን «ስቲል» ነው። ከሁሉ የሚረቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በአማርኛ «እምብዛም አያነብም» ስንል ግሡ አሉታ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ግን አሉታው በ«ሃርድሊ» ውስጥ ስላለ በላዩ «ኖት» አይጨመርም።

«እንግሊዝኛ የአባታችን ቋንቋ አይደለም፤ ምን አስጨነቀን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግማሹን እንቀበላለን። ዕውቀት በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገራል፤ ሰውም በባዕድ ቋንቋ አይመዘንም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በዚያው ቋንቋ ነው። ይህ እስካለ ድረስ ንቀታችን የሚጎዳው ራሳችንን ነው።

ደግሞም ሸክሙ ለሁሉ እኩል አይደለም። በመቂ ወይም በአርሲ ነጌሌ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሒሳቡንና ሳይንሱን በኦሮምኛ የተማረ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። አባቱ ለግል ትምህርት ቤት መክፈል የቻለው ልጅ ግን ቋንቋውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። ስለዚህ በ«ሃርድሊ» የሚስቅ ሰው በስሕተቱ ብቻ የሚስቅ ይመስለዋል እንጂ በወላጅ ኪስም ጭምር መሳቁ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቃላቱን ነጥለን ከመሸምደድ ይልቅ በጥንድ በጥንድ፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እናጥናቸው። «ሃርድሊ» ከመጻፋችን በፊት በቦታው «እምብዛም» ብለን እንሞክር፤ ሐሳቡ ከተገለበጠ «ሃርድ» ማለታችን ነበር። ማኅበራችንም በሳምንት አንድ ሰዓት ይመድብ፤ እያንዳንዱ የተሳሳተበትን አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ቀድሞ የማወቅ ዕድል ያገኘውም ለጓደኛው ያስረዳ። የዚያች ሰዓት የመጀመሪያ ደንብ ግን «መሳቅ ክልክል ነው» የሚል ይሁን።

ጓደኛችን ብሎኑን አጥብቋል። የቀረው ወረቀቱ ይህንኑ እንዲመሰክርለት ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ሥራ ነው።