አሰልጣኙ ተሰናበተ፤ የቀጠረውስ?

እዚህ አረቅጥ ውስጥ የወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ወሬ ከተነሣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ክርክሩ አይበርድም። ማን ኳስ እንዳባከነ፣ የትኛው በረኛ እንደተዘናጋ፣ የትኛው አሰልጣኝ መቼ እንደተሰናበተ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። «ተጫዋቾቹን ማን አስፈረማቸው? አሰልጣኙንስ ማን ቀጠረው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። መልሱ «ክለቡ» ነው። ክለቡ አስፈረመ፣ ክለቡ አሰናበተ፣ ክለቡ ተስማማ። ክለብ ብዕር ጨብጦ የሚፈርም ሰው ይመስል።

የሰዎችን ስም እየጠራሁ ልወቅስ አልተነሣሁም። የሚከነክነኝ፣ ቡድን የገነባ ወይም ያፈረሰ የክለብ ኃላፊ በምን ይመዘናል የሚለው ነው። አረቅጥ ከወልቂጤ ስታዲየም ርቃ ደጋ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ብትሆንም ነገሩ ይመለከተናል፤ በመንደራችን ሰፊ መንገድ፣ ጀፎረው ላይ፣ ኳስ የሚያሳድዱ የጉመር ልጆች ሲያልሙ የኖሩት የወልቂጤን ማሊያ ነውና።

ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ ከእኛ መካከል የተጫወተው የለም ማለት ይቻላል። ኃላፊን በመመዘን ረገድ ግን የእነሱን ያህል የተጨቃጨቀ አላውቅም። እዚያ ተጫዋች የሚያመጣውም የሚለውጠውም ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው፤ አሰልጣኙ የተሰጠውን ያሰልፋል። ስለዚህ ስድቡም ምስጋናውም የሚሄደው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ብራድ ፒት የተወነበትን «መኒቦል» የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው የኦክላንዱን ቢሊ ቢን ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገንዘብ የኒውዮርክ ያንኪስን ሲሶ ያህል ነበር፤ ቡድኑ ግን 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ትልቁን ዋንጫ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አላገኘውም። ጎበዝ ነው የሚሉት ገንዘቡን እያዩ፣ አይደለም የሚሉት ባዶውን መደርደሪያ እያዩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የዲትሮይቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1987 ዲትሮይት ታይገርስ ለምድቡ አንደኝነት ከቶሮንቶ ጋር ተናንቆ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢል ላጆይ፣ ዶይል አሌክሳንደር የተባለ የ36 ዓመት ወርዋሪ ከአትላንታ አስመጣ። በለውጡ የሰጠው በታችኛው ሊግ የሚጫወት የ20 ዓመት ልጅ ነው። አሌክሳንደር ለዲትሮይት 9 ጨዋታ አሸነፈ፤ አንድም አልተሸነፈም። ዲትሮይትም ምድቡን በሁለት ጨዋታ ብልጫ ወሰደ። በዚያ መኸር ላጆይን የማያመሰግን አልነበረም። የተሰጠው ልጅ ግን ጆን ስሞልትዝ ነበር። አትላንታ ውስጥ አድጎ፣ ስሙ ገንኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ዛሬ ክፉ ክፉ የተጫዋች ልውውጦች ሲቆጠሩ ይኼኛው አይቀርም።

እኔ ላጆይን ነጻ አወጣዋለሁ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ሻምፒዮን የሆነ፣ ከዚያ በኋላ እያረጀ የሄደ ነው፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣለት ያውቃል። ልጁም በዚያ ዓመት በታችኛው ሊግ እንኳ ከድሉ ሽንፈቱ ይበዛ ነበር። በነሐሴ 1987 እጁ ላይ በነበረው መረጃ ማንም አስተዋይ ሰው ያንኑ ያደርግ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በታየ ነገር የትናንቱን ሰው መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ይህን ስናገር አንድ መምህር ወዳጄ አላስጨረሰኝም። «አንተ ለሰነፍ ኃላፊ ዋሻ እየቆፈርክለት ነው» አለኝ። «'በጊዜው ትክክል ነበር' የማይል ማን አለ? ተጫዋቹ ሲሰበር 'ማን ያውቅ ነበር' ይላል፤ ጎል ሲያገባ 'እኔ ነኝ ያመጣሁት' ይላል። ውጤቱ ነው ዳኛው።»

ወዳጄ ግማሹን እውነት ይዟል። ላጆይን ነጻ ለማውጣት የቻልኩት ማን እንደወሰነ፣ መቼ እንደወሰነ፣ ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ ተመዝግቦ ስላገኘሁት ነው። የእኛ ክለቦች ግን ለፍርድ የሚሆን መዝገብ አይተዉልንም።

ጅማ አባ ጅፋርን እንይ። በ2010 ወደ ፕሪምየር ሊጉ በመጣበት በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። በ2011 ገብረመድኅን መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ዋንጫውን ደገመው፤ በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሠለሰው። ጅማ በ2014 መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። የገብረመድኅንን ስም የማያውቅ ኳስ ወዳጅ የለም። እሱን ወደ ጅማ ለማምጣት ጠረጴዛ የመታው ኃላፊ ማን ነበር? ሲሄድስ «በምንም ቢሆን እናቆየው» ያለ ነበር? ከጅማ ወጣ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አታገኙም። አሰልጣኙ ሦስት ዋንጫውን ይዞ ይመዘናል፤ መራጩ ግን ምስጋናውም ወቀሳውም ሳይደርሰው ቀረ። ጥሩ መራጭ ከነበረ ደግሞ ሌላ ክለብ ሊፈልገው ሲገባ ማንነቱ እንኳ አይታወቅም። ይኼ ኪሳራ ነው።

ወልቂጤም የራሱ ታሪክ አለው። «ሠራተኞቹ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ወልቂጤዎች በ2012 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቀሉ። ለ2014 ጌታነህ ከበደን ከቅዱስ ጊዮርጊስ አመጡ፤ በደቡብ አፍሪካ ሊግ የተጫወተ፣ በሊጋችን ኮከብ ግብ አግቢ የሆነ አጥቂ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ካሜሩን ውስጥ፣ ባፉሳም ላይ፣ ኢትዮጵያ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ስትለያይ ፍጹም ቅጣት ምቷን ያስቆጠረው የወልቂጤ ተጫዋች ነው። የክለባችን ስም በአፍሪካ ዋንጫ የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ሲነበብ የተሰማንን ኩራት በገንዘብ የሚተምነው የለም።

ሆኖም ገንዘቡ መተመን አለበት። ዝነኛ አጥቂ ማምጣት ለአንድ የከተማ ክለብ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ አዎም አይም አልላችሁም። ምን ያህል እንደወጣ፣ ለስንት ዓመት እንደታሰበ፣ በዚያው ገንዘብ ስንት ወጣት ከእዣና ከቸሃ፣ ከጉመርና ከእነሞር ተሰብስቦ ሊሠለጥን ይችል እንደነበር በአደባባይ ያስረዳን የለም። በነገራችን ላይ በ2011 በሀገሪቱ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ያ ጣሪያ በእጅ አዙር እንደሚታለፍ ግን በየቡና ቤቱ ይወራ ነበር። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ፣ ወሬ የሚነግሠው ሰነድ በሌለበት ነው።

ከዚያ 2017 መጣ፤ ወልቂጤ ከሊጉ ወጣ። ሜዳ ላይ ተበልጦ ወርዶ ቢሆን አሰልጣኙንም አጥቂውንም እንወቅስ ነበር። ከሊጉ ያስወጣው ግን የክለብ ላይሰንሲንግ መስፈርት ነው። ላይሰንሲንግ የገንዘብ አያያዝ፣ የአደረጃጀትና የሰነድ ጉዳይ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቢሮ ሥራ። አሰልጣኝ አያሠለጥነውም፣ አጥቂ አያስቆጥረውም። የክለብ ኃላፊን ከቡድኑ ለይቶ የሚመዝን ፈተና ቢኖር ይኼ ነው። እኛ ግን ያኔም ቢሆን ስለ ኃላፊዎች ሳይሆን ተጫዋቾቹ ወዴት እንደተበተኑ ነበር የምናወራው።

የቤዝቦሉ ሚዛን እንዳለ ይሠራልናል ብዬ አላምንም። እዚያ መውረድ የሚባል ነገር የለም። ሂዩስተን አስትሮስ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2012 እና በ2013 በየዓመቱ ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸነፈ። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ጄፍ ሉናው ወጣቶች እየሰበሰበ ሲሳቅበት ከረመ፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ሻምፒዮን ሲሆን ሊቅ ተባለ። ቡድኑ በዚያ ዓመት የተጋጣሚን የእጅ ምልክት በካሜራ ሲሰርቅ እንደነበር ሲጋለጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሉናው ታግዶ ተባረረ። ሞኝ፣ ሊቅ፣ ጥፋተኛ፤ ሦስቱንም በአንድ ወንበር ላይ። የእኛ ክለብ ሦስት ዓመት ልሸነፍና ልገንባ ቢል በመጀመሪያው ዓመት ወርዶ ሁለተኛው እርከን በሆነው ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ስለዚህ ኃላፊዎቻችን ለአንድ ዓመት ብቻ ሲያስቡ ሁሉም በስንፍና አይደለም። ሕጉ ራሱ ይገፋቸዋል።

ይኼን ብቀበልም አንድ ነገር አልቀበልም፤ ኃላፊው ከወንበሩ ሲነሣ ተጠያቂነቱም አብሮት መሄዱን። የሀገራችን የከተማ ክለቦች አብዛኛውን ገንዘብ የሚያገኙት ከከተማው አስተዳደር ነው፤ የክለቡ ፕሬዚዳንትም ብዙ ጊዜ ከንቲባው ወይም ሌላ ሹም ነው። ሹም ሽር ሲመጣ ሰውየው ከክለቡም አብሮ ይነሣል። በእኛ አካባቢ እንሰት ሁለት ሦስት ጊዜ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለመፋቅ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። የተከለው ገበሬ ግን እዚያው ጓሮ አለ፤ ቆጮው ቢከሳ የሚጠየቀው እሱ ነው። በክለቦቻችን ተካዩ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዷል፣ አዲሱ ሹም ደግሞ «እኔ አልተከልኩትም» ይላል።

በዚህ ላይ ተመልካቹም ርቋል። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መካሄድ ጀመሩ፤ እኛም በዲኤስቲቪ ስናይ ቆየን። ድሮ ቢሆን ቡድን ሲበላሽ የክለቡ ሰዎች ከስታዲየም ሲወጡ ደጋፊው በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ጨዋነት የጎደለው ሚዛን ነው፤ ቢሆንም ሚዛን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ያሳየን አሰልጣኙን ነው፤ ካሜራው ከመስመሩ ዳር አላለፈም።

ጉራጌ መዋጮን ያውቃል። ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሄደውን መንገድ ለማሠራት መርካቶ ያለው ነጋዴና አገር ቤት ያለው ገበሬ ሲያዋጡ፣ ብራቸው የት እንደደረሰ አስተባባሪዎቹን በስማቸው ጠርተው ይጠይቁ ነበር። ክለቡ እንደገና ይነሣ ከተባለ ከዚያ ያነሰ ለምን እንቀበላለን?

ለመምህሩ የሰጠሁት መልስ ይኼ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋችና አሰልጣኝ አንድ ገጽ ወረቀት። ማን ወሰነ፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ ምን ተጠብቆ፣ ካልሆነስ ምን ሊደረግ ታስቦ። ፊርማና ቀን ይኑረው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ስለ ኃላፊው ማንም የመጨረሻ ቃል አይናገር፤ ሦስት ዓመት ሲሞላ ደግሞ ሰውየው የትም ቢሾም፣ ተጠርቶ ወረቀቱ ፊቱ ይነበብ። ኃላፊው የጻፈው ምክንያት አስተዋይ ከነበረ፣ ተጫዋቹ ቢሰበርም ነጻ ይውጣ። ምክንያቱ ባዶ ከነበረ፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ይወቀስ።

ወዳጄ አሁንም አልረካም። «ዋጋውን ብታወጣው ሌሎቹ ክለቦች ብር ጨምረው ተጫዋቹን ይነጥቁሃል» አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ታሽጎ ይቆይና የዝውውር መስኮቱ በተዘጋ ማግሥት ወልቂጤ ከተማ አስተዳደር በር ላይ ይለጠፍ።