የችግኙ ቁጥርና ደኑ የሚይዘው ካርቦን

ክረምት በገባ ቁጥር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚተላለፈው ሪፖርት በችግኝ ቁጥር የተሞላ ነው። ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ ይባላል። ቁጥሩ ሕዝብን ለማነሳሳት ይጠቅማል። አሁን ግን ደን ከእንጨትና ከአፈር ጥበቃ አልፎ በያዘው ካርቦን ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችል ይነገራል። ለዚያ የችግኝ ቁጥር መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ የሚለካው ከዓመታት በኋላ በሄክታር ምን ያህል ካርቦን እንደተከማቸ ነው።

ዛፍ ካርቦንን የሚያገኘው ከአየር ነው። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስቦ እንጨት ያደርገዋል፤ ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ነው። አንዱ ደን ከሌላው የበለጠ እንዲይዝ ከሚያደርጉት ነገሮች ዝናብና የቦታ ከፍታ ከሰው ቁጥጥር ውጪ ናቸው። በሰው እጅ ያሉት የዛፎቹ ዓይነት፣ ዕድሜያቸው፣ አፈሩና ጥበቃው ናቸው።

የዛፍ ዓይነትን በሚመለከት ከተካሄዱት ትልልቅ ሙከራዎች አንዱ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ጂያንግሺ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ከፊል ሞቃታማ የአየር ጠባይ ባለው ኮረብታማ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ከ150 ሺህ በላይ ዛፎች ተተከሉ። አንዳንዱ ማሳ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተተከለበት፤ በሌላው ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ 16 ዓይነት ተሰባጠረ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት ከስምንት ዓመት እድገት በኋላ አንድ ዓይነት ዛፍ ያለባቸው ማሳዎች ከመሬት በላይ በአማካይ በሄክታር 12 ቶን ካርቦን ያዙ። 16 ዓይነት የተሰባጠረባቸው ደግሞ 32 ቶን ያዙ። ባቄላና አተር ቀላቅሎ የሚዘራ ገበሬ ምክንያቱን ሳይነገረው ይገምተዋል። አንዱ ዛፍ ሥሩን ጠልቆ ሲሰድ ሌላው ከላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ፀሐይ ሲፈልግ ሌላው በጥላ ያድጋል።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። በዚያው ሙከራ በአካባቢው ለገበያ የሚለሙ ሁለት ዛፎች ለየብቻ ተተክለው ከ16ቱ ድብልቅ ጋር የተቀራረበ ካርቦን ይዘዋል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ብቻውን ሲተከል ዋጋ የለውም ማለት ስህተት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው።

ክፉ ቀኑን የአዊ ብሔረሰብ ዞን ገበሬዎች አይተውታል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዲከረንስ የተባለው የአውስትራሊያ ግራር በአሲድ የተጎዳውን መሬት ሸፍኖት ነበር። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር ይተክለዋል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ዛፉ ናይትሮጂን ስለሚጨምር መሬቱ ሲመለስ ሰብል ይሰጣል። ኑሮ የለወጠ ዛፍ ነውና ገበሬውን የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። በቅርብ ዓመታት ግን ስንዴን ከሚያጠቃው ዋግ ጋር የሚዛመድ የፈንገስ በሽታ ገባበት። ከማሳ እስከ ማሳ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ስለነበረ በሽታውን የሚያቆመው አልነበረም፤ ለጋ ተክሎች በብዛት ደረቁ። ከካርቦን አንጻር ሌላም ጉድለት አለው። ከሰል ሆኖ የተቃጠለ እንጨት የያዘውን ካርቦን መልሶ ወደ አየር ይለቃል፤ የሚቀረው በሥሩና በአፈሩ ያለው ነው።

ዕድሜም ከዓይነት ያላነሰ ነገር ነው። ግንዱ እጥፍ የወፈረ ዛፍ የሚይዘው ካርቦን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ያረጀ ዋንዛ ወይም ዝግባ ቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ ተከልሁ የሚል ሰው ኪሳራውን ለብዙ ዓመታት አይሸፍነውም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀሩት ጥድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ጥቂት ቢሆኑም ክብደታቸው ከዚህ ነው። በደጋው አካባቢ ቅዝቃዜው ብስባሹን ቀስ ብሎ ስለሚያፈርሰው አፈሩም ብዙ ካርቦን ያከማቻል፤ ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ከተወሰደና ልቅ ግጦሽ ከገባ ግን ክምችቱ ይመናመናል።

ጥበቃ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ የወላይታው ሁምቦ ያሳያል። በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ላይ ሥራው በዋናነት የተቆረጡ ጉቶዎች ያወጡትን ቀንበጥ መርጦ ማሳደግና ከብት እንዳይገባ መከላከል ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ የታቀደ ሲሆን ከዚህ ከፊሉን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለሰባቱ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ደኑ የወል ሆኖ ባለቤቱ ግን የታወቀ መሆኑ የሥራው ግማሽ ይመስለኛል።

ወረዳዎች ሪፖርታቸውን ማስተካከል ከፈለጉ ከተተከለው ይልቅ በአንደኛውና በሦስተኛው ዓመት የጸደቀውን፣ የዛፉን ዓይነት ብዛትና ከንክኪ ነጻ ሆኖ የተከለለውን ሄክታር ይጠይቁ። በግል መሬቱ ገበሬው ገበያው የሚፈልገውን መትከሉ አይቀርም፤ ቢያንስ በድንበሩና በየመሐሉ ብሳና፣ ዋንዛና ግራዋ ቢያስገባ በሽታ ሲመጣ ሁሉንም አያጣም። የወል መሬትና ተፋሰስ ላይ ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል መቅረት አለበት።

ችግሩ ያለው ችግኝ ጣቢያው ላይ ነው። ጣቢያዎች ባሕር ዛፍና ዲከረንስ የሚያበዙት ዘሩ በቀላሉ ስለሚገኝና ፈጥኖ ስለሚበቅል ነው። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊቱ ካልተሰበረ በወጉ አይበቅልም፤ ዝግባም ለመብቀል ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሀገር በቀል ዘር ለቀማ ከካህናቱና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ ፍሬው በሚበስልበት ወቅት መጀመር አለበት። ለዘር ለቃሚው የሚከፈለው ገንዘብም በወረዳው ዓመታዊ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ያስፈልገዋል፤ ግንቦት ላይ ትዝ ቢል ለዚያ ክረምት የሚደርስ ችግኝ አይገኝም።