ስለ አጋዘን ሥጋ፦ ለጎረቤት የምናቀርበውን እንወቅ



እንደሚታወቀው እዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ የአደኑ ወራት በደረሰ ቁጥር፣ አብረውን የሚሠሩ አዳኞች ከገደሉት አጋዘን ላይ በላስቲክ ጠቅልለው ያካፍሉናል። ሰዎቹ በደግነት ይሰጣሉ፣ እኛም በደስታ ተቀብለን ወደ ቤት እንመጣለን። ባለፈው ኅዳር አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ሥጋ ይዘው መጡና ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ቀይ ነው፣ ጮማ የለውም፣ ለክትፎ የተፈጠረ ነው» አለ። አንዷ «ኧረ እኔ ልጆቼን አላበላም» አለች። ሌላው ደግሞ «አገር ቤት ጥሬ እየበላን አድገን ምን ሆንን?» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ይህ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ስላልሆነ የበኩሌን ለማለት ፈለግሁ።

አገር ቤት ሽማግሌዎቻችን ሥጋን በዓይን ይመረምሩ ነበር። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ደሙ እንደማይረጋ፣ ጣፊያው እንደሚያብጥ ያውቃሉ። ኮሶም ቢሆን በሥጋው ውስጥ ለሚያውቅ ሰው ይታያል፤ ቢይዝም መድኃኒት አለው። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የዚህ አገር አጋዘን በሽታ በዓይን የሚያዝ አለመሆኑ ነው።

በሽታው በእንግሊዝኛው አጠራር ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ይባላል። አጋዘኑን ቀስ በቀስ አክስቶ፣ አእምሮውን አበላሽቶ የሚገድል ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ሲሆን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2009 በፍሬድሪክ ካውንቲ ተገኘ፤ ይኸውም ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢሆን ነው። የተያዘው እንስሳ ምልክት እስኪያሳይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ወፍራም ነበር፣ ሲሮጥ ነው የተመታው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ፕሪዮን የሚሉት ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ፕሪዮንን እሳት አይገድለውም፣ በረዶ አይገድለውም፣ ቋንጣ አድርጎ ማድረቅም አይገድለውም። በብዛት የሚገኘው በአንጎል፣ በአከርካሪ መቅኔ፣ በዓይን፣ በጣፊያና በዕጢዎች ውስጥ ሲሆን፣ በቀዩም ሥጋ ውስጥ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር፦ ይህ በሽታ ሰው እንደያዘ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ታዲያ ምን ያስፈራል ለሚል፣ የእንግሊዝን የእብድ ላም በሽታ ማስታወስ ይበቃል። እርሱም የፕሪዮን በሽታ ነው። በ1986 በከብቶች ላይ ሲታወቅ ለሰው አያሠጋም እየተባለ ሲበላ ቆየ፤ በ1996 ግን መንግሥቱ ራሱ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። በመሆኑም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሽታው ባለበት አካባቢ የተገደለ አጋዘን እንዲመረመር፣ የተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራል።

ሥጋው ከዚህ በሽታ ነፃ ቢሆን እንኳ ጥሬውን መብላት ሌላ ጣጣ አለው። አጋዘን ኢ-ኮላይ የተባለውን ተሕዋስና ቶክሶፕላዝማ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለተኛው በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። ከሱቅ የምንገዛው የበሬ ሥጋ በመንግሥት መርማሪ ታይቶ ያለፈ ነው። የዱር አጋዘን ሥጋ ግን በሕግ አይሸጥምና በገበያው ምርመራ አያልፍም፤ ጫካ ውስጥ ተመትቶ፣ ተጎትቶ፣ በአዳኙ ቢላዋ ተበልቶ የመጣ ነው። የተፈጨውን እስከ 160 ዲግሪ ፋራናይት ድረስ ማብሰል እነዚህን ተሕዋስያን ይገድላል። ለብለብ ግን እዚያ አይደርስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስጦታ መመለስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። መጠየቅ ግን ነውር አይደለም። ሰጪውን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የት ካውንቲ ነው የተገደለው? ተመርምሯል ወይ? ሥጋው ለብቻው ነው የተዘጋጀው ወይስ ከሌሎች አጋዘኖች ጋር ተፈጭቶ ተደባልቋል? ደህና አዳኝ በጥያቄው አይቀየምም፤ እንዲያውም የጭንቅላቱን ናሙና የት እንዳስረከበ ይነግራችኋል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሥጋውን በፍሪዘር አቆይቶ መጠበቅ ነው። ምርመራው «አልተገኘም» ቢል መቶ በመቶ ዋስትና ባይሆንም ሥጋቱን በእጅጉ ይቀንሳል። «ተገኝቷል» ካለ ግን ክርክር የለም፣ ይጣላል።

«ምግብ መጣል ኃጢአት ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ለራሱ የሚወስነውና ለሌላው ገበታ የሚያቀርበው አንድ አይደለም። እኛ እኮ ለየብቻ በየሳሕኑ የምንበላ ሰዎች አይደለንም። ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን፣ እንጎራረሳለን። የተጎረሰ ሰው ደግሞ «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያጎርሰውን እጅ አምኖ ይውጣል። ስለዚህ የመጠየቁ ግዴታ የአጉራሹ ነው።

በበኩሌ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በማኅበራችን ድግስና በልጆች ልደት ላይ የአጋዘን ሥጋ በክትፎም ሆነ በጎረድ ጎረድ መልክ አይቅረብ። ሁለተኛ፣ ያልተመረመረ ሥጋ በጥብስም ሆነ በወጥ ለጎረቤት አይላክ። ክትፎ ላማረን ሥጋ ቤቱ ቅርብ ነው።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ