ርኅራኄ ያለ ትምህርት አይበቃም

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከፊታችን ስላለው የትምህርት ምርጫ ስንነጋገር የሕክምና፥ የምህንድስናና የሕግ ስም ደጋግሞ ይነሣል። የነርስነት ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በመጨረሻ ነው፤ ያውም «ሌላው ካልሆነ» ከሚል ቃል ጋራ። ትምህርቱ የሚሰጠው በክርስቲያን ኮሌጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ አስተያየት ይጨመርበታል። አንዳንዱ፥ «እዚያ የሚገባ መንፈሳዊ ሰው ነው፤ ጸሎትና ደግነት ይበቃዋል» ይላል። ሌላው፥ «ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው ኮሌጅ ትምህርቱ ቀላል ነው» ብሎ ይገምታል። አንዱ እያመሰገነ፥ ሌላው እየናቀ ይናገር እንጂ ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም በሽተኛን ለመርዳት ጥሩ ልብ እንጂ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም የሚለው ነው። እኔ ግን ይህ ሐሳብ በሽተኛውን የሚጎዳ፥ ሃይማኖቱንም የሚያሳንስ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ያለኝን አስተያየት በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ፈለግሁ።

ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ መገመት አይከብድም። በአገራችን ሰው ሲታመም ብቻውን አይተውም። እናት፥ እኅት ወይም ጎረቤት አስታማሚ ሆና አብራ ሐኪም ቤት ትገባለች፤ ምግቡን ከቤት ታመላልሳለች፤ ሌሊቱንም ከአልጋው አጠገብ ወለል ላይ አንጥፋ ታድራለች። ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው። ዳሩ ግን አስታማሚና ነርስ አንድ አይደሉም። አስታማሚዋ የበሽተኛውን ላብ ትጠርጋለች፤ ነርሷ ግን ላቡ ለምን እንደ መጣ መመርመር አለባት። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት «ደኅና ነኝ» ልትል ትችላለች፤ የደም ግፊቷም ገና አልወረደ ይሆናል፤ ነገር ግን የልብ ምቷ መፍጠን ጀምሯል። ይህን ያስተዋለች ነርስ ማሕፀኗን ታሻለች፥ ሐኪም ታስጠራለች፥ መድኃኒቱን ታዘጋጃለች። ይህን ያልተማረች ግን የእናቲቱን እጅ ይዛ ብታጽናናትም ሕይወቷን ላታተርፍ ትችላለች።

ለክፍል ጓደኞቼ ከሒሳብ ትምህርታችን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሐኪም 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲገባ ቢያዝ፥ ቱቦውም ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፥ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ አለበት? ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ነው፤ 8 ሰዓትም 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል። በክፍል ፈተና የአሥርዮሽ ነጥብ በተሳሳተ ቦታ ያስቀመጠ ተማሪ አንድ ማርክ ያጣል። በሕፃን መድኃኒት ላይ እንዲሁ ያደረገ ነርስ ግን አሥር እጥፍ መድኃኒት ይሰጣል። ይህን ስሕተት ደግነት ሊያርመው አይችልም።

ስለዚህ ነገር ታሪክም ይመሰክራል። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው እንግሊዛዊት ፍሎረንስ ናይቲንጌል እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት የምታምን ሴት ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 የሠለጠነችውም ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በ1836 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት በመሠረተው ክርስቲያናዊ ተቋም ነው። በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትላ በስኩታሪ ወደ ነበረው የወታደሮች ሐኪም ቤት ሄደች። ትጋትም ርኅራኄም አልጐደለም፤ ነገር ግን በዚያ ክረምት የሚሞተው ወታደር ቍጥር በረከተ። ሞቱ እጅግ የቀነሰው በ1855 የመጣው የጤና ጥበቃ ኮሚሽን ከሕንጻው ሥር የነበረውን የቆሻሻ ቦይ ካስጠረገና አየር እንዲገባ ካደረገ በኋላ ነው። ናይቲንጌል ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የሟቾቹን ቍጥር መርምራ ይህንኑ በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ለሕዝብ ገለጸች። በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፤ በ1860ም በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። እምነቷ ወደ ትምህርት መራት እንጂ ከትምህርት አላስቀራትም።

በእኛም አገር ምሳሌ አለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ለመሆን በቁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ሥራውን አላስናቃቸውም፤ ያለ ትምህርትም ነርስ አላደረጋቸውም። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሲያርፉ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በስማቸው ተሠራላቸው።

«እንዲህም ቢሆን አጭር ሥልጠና ይበቃል፤ ዲግሪ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። በ2014 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፥ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች በ300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420,000 የሚበልጡ በሽተኞች መርምሮ ነበር። በዲግሪ የተማሩት ነርሶች ድርሻ ከመቶ 10 ከፍ ባለ ቍጥር በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከመቶ 7 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለአንድ ነርስ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቍጥር ደግሞ ዕድሉ ከመቶ 7 ያህል ከፍ ብሏል። አውሮፓ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ሆኖም ሐኪም በማይበዛበት አገር ለረጅም ሰዓት ከበሽተኛው ጋራ የሚቆየው ነርሱ ስለ ሆነ፥ የነርሱ ዕውቀት ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል እንጂ አያንሰንም።

እንግዲህ ዕውቀት ይህን ያህል ከተፈለገና ዕውቀትም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተገኘ፥ ክርስቲያን ኮሌጅ ምን ይጨምራል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስቀል ወይም የጠዋቱ መዝሙር ብቻ ሊሆን አይችልም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን ተረኛ የሆነ ነርስ እናስብ። የበሽተኛው ሙቀት በየአራት ሰዓቱ እንዲለካ ታዝዟል፤ ነርሱ ግን ደክሞታል። በወረቀቱ ላይ 37 ብሎ ቢሞላ ማንም አያይም፤ ጠዋት ሐኪሙ ያንን ቍጥር አምኖ ይወስናል። እግዚአብሔር ያየኛል የሚል ሰው እምነቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ያልለካውን ለካሁ ብሎ የማይጽፍ፥ መድኃኒት ሲሳሳትም ሳይደብቅ ወዲያው የሚናገር ነርስ ማፍራት የክርስቲያን ኮሌጅ ዋና ሥራ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ፈተና የሌላ እምነት በሽተኛ ነው። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የቆሰለው ሰው ሃይማኖቱን አልተጠየቀም፤ ቍስሉ ታሰረለት እንጂ። እንግዲያው የክርስቲያን ኮሌጅ ተማሪ ሙስሊሙንም ሆነ እምነት የሌለውን በእኩል ማገልገል አለበት። በሽተኛው ራሱ ጸሎት ቢፈልግ መልካም ነው፤ ከአልጋ መነሣት ያልቻለን ሰው ግን ሳይጠይቅ መስበክ፥ አቅም በማጣቱ መጠቀም ስለሆነ ተገቢ አይደለም።

ከዚህም በላይ ኮሌጁ በሽተኛ የሚታከምበት ሐኪም ቤት፥ የሚያስተምሩ ነርሶችና የሥራ መለማመጃ ዕቃ ሊኖረው ይገባል። በወሊሶ ያለው የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል ከነርሶችና ከአዋላጆች ኮሌጁ ጋራ የተጣመረ መሆኑ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የተማሪውን ቤተ ክርስቲያን አይጠይቅም። ይህን ተጨማሪ ሸክም አድርጎ የሚያይ ክርስቲያን ኮሌጅ ካለ ተሳስቷል፤ ሌላው ተማሪ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ ግዴታው መሆኑን ማስታወስ አለበት።

በመጨረሻ ወላጆቻችንን በአክብሮት የምለምነው ነገር አለ። ታማችሁ በተኛችሁ ጊዜ ብልህና የተማረ ነርስ እንዲደርስላችሁ ትመኛላችሁ፤ ጥሩ ማርክ ያመጣ ልጃችሁ «ነርስ ልሁን» ሲል ግን ታዝናላችሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የነርስን ሥራ «ጽድቅ ነው» ብሎ አመስግኖ ደመወዙን ማሳነስም እንዲሁ ትክክል አይደለም፤ ነርስም ቤት ኪራይ ይከፍላል፥ ልጅ ያሳድጋል። እኔ ራሴ ይህን ትምህርት ለመምረጥ ስላሰብሁ ነገሩ ለእኔ ከክርክር ያለፈ ነው። ጓደኞቼም ኮሌጅ ስትመርጡ በበሩ ላይ የተጻፈውን ስም አንብባችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ግቡና ቤተ ሙከራውን እዩ፥ ተማሪዎቹ የት እንደሚለማመዱና ማን እንደሚያስተምራቸው ጠይቁ። በዚያ የሚማረው ተማሪ አንድ ቀን የእናታችሁን የልብ ምት የሚቈጥረው እርሱ ሊሆን ይችላልና።