«ጨዋታ ነው እንጂ ምን ጥበብ አለው?» ለምንል አገልጋዮች

የዛሬው ጽሑፌ አንዳንድ የአገልግሎት ባልደረቦቼን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። እኔም ብሆን ከአምስት ዓመት በፊት ባነበው ቅር ይለኝ ነበር።

ከገርጂ ወደ ጃክሮስ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው የማገለግለው። በሰፈራችን የፕሌይስቴሽን ቤት እንደ ሱቅ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ከኤፌሶን 5፥16 ተነሥቼ ዘመንን ስለ መዋጀት አስተምር ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ትምህርቱን የሚመዘግብ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ደብተሩ ላይ ያለው የቤቶች፣ የበሮችና የቀስቶች ሥዕል ነው። «ምንድን ነው?» አልኩት። «ጌም ነው፣ ፓስተር» አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «ይኸውላችሁ የዘመናችን ጣዖት!» አልኩ። ጉባኤው ሳቀ፤ አንዳንዱም አሜን አለ። ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ጌም እየተጫወተ ሳይሆን ጌም እየሠራ እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ከእናቱ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ አንድ የማከብረው ወንድሜ የተናገረው ነው። «ጌምን ኪነ ጥበብ ማለት ሱስን ማቆላመጥ ነው» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የጎዳን «ጥበብ አይደለም» ማለታችን ነው ባይ ነኝ። ተራ ጨዋታ ነው ብለን የናቅነውን ነገር አንመረምረውም፤ ያልመረመርነውን ደግሞ ልጆቻችን ብቻቸውን ይጋፈጡታል።

እስቲ የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። ክራርና ማሲንቆ የአዝማሪ ቤት ዕቃ ናቸው ተብለው ከደጃፍ ሲመለሱ ያየን ሰዎች አለን። ጊታርም «የዳንኪራ ነው» ተብሎ ነበር። ዛሬ በየአዳራሻችን ለድራሙ የመስታወት ክፍል ሠርተንለታል። ሲኒማ ቤት መግባት ኃጢአት ነው ተብለን ያደግን ልጆች፣ አድገን «ኢየሱስ» የተባለውን ፊልም ነጭ ጨርቅ ላይ እያሳየን ወንጌል ሰብከናል። መሣሪያው ክርስትና አልተነሣም። እኛ ነን ዘግይተን ያየነው።

ደግሞስ መጽሐፍ ቅዱሳችን በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ለጋስ ነው! በእግዚአብሔር መንፈስ ስለ መሞላቱ አስቀድሞ የተነገረለት ሰው ነቢይም ካህንም አይደለም። ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባስልኤል ነው (ዘጸአት 31)። ጨዋታም ቢሆን የተናቀ አይደለም። ዘካርያስ ስለ ታደሰችው ኢየሩሳሌም ሲናገር፣ አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉ ያበሥራል (8፥5)። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከንበታል? እኔ አንድም ጊዜ።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የታወቀው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ2010 እ.ኤ.አ. ጌም መቼም ቢሆን ኪነ ጥበብ አይሆንም ብሎ ጽፎ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ጌም ሕግ፣ ነጥብና አሸናፊ አለው፤ ኪነ ጥበብ ግን የሚቀበሉት እንጂ የሚያሸንፉት አይደለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ግን ሳይጫወት መናገር እንዳልነበረበት ራሱ አመነ። እኛ እስከዚያም አልደረስንም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ፓክማንንና ቴትሪስን ጨምሮ 14 ጌሞችን ወደ ስብስቡ አስገብቷል። ሙዚየም ስለ ገባ ጥበብ ሆነ አልልም፤ ሙዚየም ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

ለኢበርት መልስ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዝማሪ ቤት የሚሄድ ሰው (እኔ ከመዳኔ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ) እንደሚያውቀው እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሥራው ያለ አድማጩ አይሞላም። ታዲያ ጥበብ አይደለም ልንል ነው? ቅኔስ ቢሆን ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣው ሰሚው አይደለም?

ከሁሉ በላይ ግን ናታንን ተመልከቱ (2 ሳሙኤል 12)። ዳዊትን በቀጥታ «በደልህ» ብሎ ቢገሥጸው ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል። ነቢዩ ግን ባለጠጋና ድኻ፣ አንዲት ትንሽ በግም ያሉበትን ታሪክ አቀረበለትና ፍርዱን ለንጉሡ ተወ። ዳዊት ገባበት፤ ተቆጣ፤ ፈረደ። ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑ የተነገረው በገዛ ፍርዱ ከተያዘ በኋላ ነው። ጥሩ ጌም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ውሳኔውን በእጅህ ይሰጥህና የወሰንከውን መልሶ ያሳይሃል።

ምሳሌ ልስጥ። ራያንና ኤሚ ግሪን የሚባሉ አሜሪካውያን ክርስቲያን ባልና ሚስት ልጃቸው ጆኤል ገና በሕፃንነቱ በካንሰር ታመመ። እነርሱም «ዛት ድራገን፣ ካንሰር» የሚል ጌም መሥራት ጀመሩ። ጆኤል በ2014 በአምስት ዓመቱ ሞተ፤ ጌሙ በ2016 ወጣ። ከክፍሎቹ በአንዱ ተጫዋቹ ከአባትየው ጋር ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ያለቅሳል። ውኃ ልስጠው፣ ልቀፈው፣ ላባብለው ብትል ለቅሶው አይቆምም። የምትነካው ሁሉ አይሠራም። ልጁ ጸጥ የሚለው አባትየው ተስፋ ቆርጦ ሲጸልይ ነው። በአልጋ አጠገብ ቆመን ከታማሚ ቤተሰብ ጋር የጸለይን አገልጋዮች ያን ክፍል እናውቀዋለን። ስለ መከራ ብዙ ሰብኬአለሁ፤ እጄ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከንቱ ሆኖ ሲቀር ለሰሚው ማሳየት ግን አልቻልኩም። በጌም ይቻላል።

በአገራችንም ጀማሪዎች አሉ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚል የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ናት ባለ ታሪኳ። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ከእጁ አምልጦት ጎረቤት ግቢ ድረስ የሮጠ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ቀላል ነገር ነው። ግን የእኛ ዶሮ ናት።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ «ፓስተር ፈቀደልን» ብላችሁ እንዳትሮጡ። ጥበብ ነው ካልን ይመዘናል። ስትያዙ «ጨዋታ እኮ ነው»፣ ስትነቀፉ «ጥበብ እኮ ነው» ማለት አይቻልም፤ አንዱን ምረጡ። ሰው መግደልን እንደ ቆርኪ መልቀም ያቀለለ ጌም ጥበብ ቢሆን እንኳ ውሸታም ጥበብ ነው፤ ሞት ቀላል አይደለምና። በየኳስ ጌሙ ውስጥ ያለውን የተጫዋቾች ጥቅልም አስቡ። ምን እንደሚወጣላችሁ ሳታውቁ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ቤልጅየም በ2018 ይህ ቁማር ነው ብላ ወሰነች፤ የፊፋ ጌም አምራቹም በማግሥቱ ዓመት በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ። ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ጎን ያለው የቤቲንግ ቤት የሚሸጠውም ያንኑ ተስፋ ነው። እዚያ ላይ ከወንድሜ ጋር አንድ ነኝ።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ስሙን ከእናቱ ስልኩን ወስጄ ደወልኩለት፤ አያት አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። ሄድኩ። በጉባኤ ፊት ስላዋረድኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቡና አቀረበልኝ፣ ብዙም አልተናገረም። ከዚያ ስክሪኑን አዞረልኝ። ያኔ ደብተሩ ላይ ያየኋቸው በሮች ነበሩ።

ጌሙ በደርግ ዘመን ስለ ነበረው የቤት ኅብረት ነው። ተጫዋቹ አማኞችን በጨለማ አንድ በአንድ ወደ አንድ ቤት ማስገባት አለበት። ጫማ በር ላይ ከተደረደረ ያስነቃል። ጠረጴዛ ላይ ዳቦና ለስላሳ መኖር አለበት፤ ሰው ቢመጣ ልደት ነው ለማለት። ሁሉም ሲገቡ መዝሙር ይጀመራል፤ ድምፁ ያለው በተጫዋቹ አውራ ጣት ነው። ጫን ስትል መዝሙሩ ከፍ ይላል፣ የተቀመጡት ሰዎች ፊትም ይበራል። ነገር ግን ውጭ ያለው የቀበሌ ጥበቃ እርምጃው ይቆማል። ላላ ስታደርግ ጥበቃው ያልፋል፤ ፊቶቹም ይጨልማሉ።

እኔ በዚያ ዘመን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ቤት ተቀምጫለሁ። ጆይስቲኩን ይዤ ጣቴን ማላላት አቃተኝ፣ ተያዝን።

«ከአያቴ ነው የሰማሁት፣ እርስዎ ግን ነበሩበት» አለኝ። «ድምፁ ምን ያህል ነበር?»

ስልኩን አቀረበልኝ፣ ዘመርኩለት። ቀድቶ ሲያዳምጠው ምንም አይሰማም። «ፓስተር፣ ትንሽ ከፍ ላድርገው?» አለ።

«እንዲያ አልነበረም» አልኩት። እንደነበረው ተወው።