የሰሊጥ አገር ቦምቦሊኖ በማን ዘይት ይጠበሳል?

ጥቅምት ነው። መተማና ቋራ ላይ ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቆሞ ይደርቃል። ወቅቱ ጾመ ጽጌም ነውና በጿሚው ቤት ቦምቦሊኖ ይጠበሳል፦ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ቀረፋና ኮረሪማ። ወተት የለም፤ እንቁላል የለም። ፈረንጅ ዛሬ «ቪጋን» እያለ የሚያደንቀውን የጎንደር እናቶች ድሮም ያውቁታል።

ዘይቱስ? ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ የመጣ ፓልም!

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ ሰሊጥ በጥሬው እየተጫነ ይወጣል። ቻይና ትጨምቀዋለች፤ እስራኤል ጣሂና ታደርገዋለች።

«ሰሊጥ ውድ ነው፣ ዶላር ያመጣል፤ ፓልም ርካሽ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። ሰሊጥ ካመጣው ዶላር ላይ ተቀንሶ መልሶ ዘይት ይገዛበታል። ሰሊጡን በጥሬው የሸጠ ደግሞ ፋጉሎውንና የመጭመቂያውን ሥራ አብሮ ሸጧል። የቆላው ከብት መኖ ያጣል፤ ወጣቱ አጨዳው ሲያልቅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። መልካም፤ ግን ቡሬ ከመተማ ሩቅ ነው።

ምርጡ ሰሊጥ ይላክ፤ ማንም አልከለከለም። ደረጃ ያጣው ግን እዚያው ይጨመቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ ላይ በገበሬው ማኅበራት እጅ ያለ አነስተኛ መጭመቂያና የማይቆራረጥ መብራት ነው።

ባለሥልጣናት ለሰሊጥ ምርት ጉብኝት ወደ ቆላው ሲወርዱ ከሻዩ ጋር ቦምቦሊኖ ይቀርብላቸው ይሆናል። ከመጉረሳቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በማን ዘይት ተጠበሰ?